በቤት ውስጥ የሚፈጠር ጭንቀትና የቤተሰብ ሰላም

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የብዙ ቤተሰቦች ገቢም ቀንሶ ነበር። በሥራና በትምህርት ተለያይተው ይውሉ የነበሩ የቤተሰብ አባላት ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ በጥቃቅን ጉዳዮች መጋጨታቸው አያስገርምም።

የጠቡ መነሻ ብዙውን ጊዜ በአፍ የሚነገረው ነገር አይደለም። ስለ ወጥ ጨው ወይም ስለ ሬዲዮ ድምፅ የተነሣ ክርክር፣ የቤት ኪራይ ከየት ይከፈላል የሚለውን ሥጋት ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ባለትዳሮች ልጆች ከተኙ በኋላ ጊዜ ወስነው ስለ ገቢና ወጪ በግልጽ ቢነጋገሩ ጭንቀቱ ይቀልላል። «አንተ ሁልጊዜ»፣ «አንቺ መቼም» እየተባባሉ ከመካሰስ «እኔን ያሰጋኝ» ብሎ መጀመር ይመረጣል። ቁጣ ሲበረታ ንግግሩን አቋርጦ፣ ከተረጋጉ በኋላ መቀጠል ተገቢ ነው።

ልጆች የወላጆቻቸው ጠብ በእነርሱ ምክንያት የመጣ ሊመስላቸው ይችላል፤ ጥፋቱ የእነርሱ አለመሆኑን በዕድሜያቸው ልክ ማስረዳት ያስፈልጋል።

አለመግባባቱ ካልበረደ የሚታመኑ ሽማግሌዎችን በስልክ ማማከር ይቻላል። ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ግን ጉዳዩ ከሽምግልና በፊት የደኅንነት ጉዳይ ነው። ተጎጂዋ ወይም ተጎጂው ወደሚታመን ዘመድ ወይም ጎረቤት መሄድ፣ ለፖሊስ ማመልከትና በጤና ተቋም መታከም ይገባል። በወረርሽኙ ጊዜ የተሰጠው በቤት የመቆየት ምክርም ከጥቃት መሸሽን አይከለክልም ነበር።

እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወዲያውኑ፣ የጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።