የሔዶ ገመድና እንግዳው ተማሪ

በጅግጅጋ፣ በአውበሬም ሆነ በቶጎ ውጫሌ የሶማሌ ሠርግ ባለፈ በሳምንቱ ገደማ አዲሶቹ ሙሽሮች ዘንድ አንድ ዕቃ ይመጣል። ሔዶ ይሉታል። የሙሽሪት እናት ከእህቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ያሰናዱት ነው። ውስጡ ሙቅመድ አለበት፤ በትንንሹ ተከትፎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆና ተጠብሶ ቅቤ ውስጥ የተቀመጠ፣ ወራት ቢቆይ የማይበላሽ ሥጋ። በላዩ በቴምር ይደፈናል። ከዚያ ዕቃው ተከድኖ፣ እንደ ሙሽራ ጨርቅ ለብሶና በዛጎል አጊጦ፣ ዙሪያውን በገመድ ተጠፍሮ ይታሰራል። የገመዱ ጫፍ የት እንደተደበቀ የሚያውቁት ያሰሩት ሴቶች ናቸው። ከሙሽራው ወገን የቀረበ ሰው በታዳሚው ፊት ጫፉን ፈልጎ መፍታት አለበት። በቢላ መቁረጥ ነውር ነው። ያቃተው ይሳቅበታል፤ መቀጫም ይጠየቃል።

ይህን ያነሣሁት የሶማሌን የእጅ ሥራ መማር ለሚፈልግ እንግዳ፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ሔዶ የመማሪያውን ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ ነው። እንግዳ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዴት እንደሚሰፋና እንዴት እንደሚታሰር በመጠየቅ ነው። እኔ ግን ከመሥራቱ በፊት መገልገሉን ይማር እላለሁ። ሔዶን ያሰሩት ሴቶች ሌላ ሰው እንዴት እየተጨነቀ እንደሚፈታው እያሰቡ ነው የቋጠሩት። ፈትቶት የማያውቅ ሰው ቋጠሮውን መኮረጅ ይችል ይሆናል፤ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደዋለ ግን አይገባውም።

ይህ ለሠርግ ዕቃ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሃን የሚባለውን የወተት ዕቃ እንይ። ከሥርና ከልጥ በወጣ ጭረት በጥብቅ የሚሰፋ ነው። በስንደዶና በአክርማ ሰፌድ ስትሰፋ የኖረች የደጋ ሴት ወስፌዋን ተማምና ቶሎ እንደምትለምደው ትገምት ይሆናል። ሞሰብ ግን እንጀራ ይዞ ቤት ይቀመጣል፤ ሃን ፈሳሽ ይዞ ግመል ጀርባ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ ይውላል። ጭረቱ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ስፌቱም በዚያው ይጠብቃል። ደረቁን ዕቃ በዓይኑ ብቻ እያየ የሚሰፋ ሰው የት ላይ ማጥበቅ፣ የት ላይ ጥቂት መተው እንዳለበት በምን ያውቃል? ዕቃው ደግሞ ከታጠበ በኋላ በወይራ ፍም ይታጠናል፤ ጢሱ ለወተቱ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዘዋል። ጠዋት ማታ ያጠነች ሴት የዕቃውን ሆድ ስፋትና የአፉን ልክ በእጇ ታውቀዋለች።

አቃል የሚባለው ተነቃይ ቤትም እንዲሁ ነው። ቤቱ የሚስቲቱ ንብረት ሲሆን ተከላውም ነቀላውም የእሷ ሥራ ነው። ቆልመም ያሉት እንጨቶች የሚለብሱት ከበድ የተባለ ምንጣፍ አንድ ወገኑ ልሙጥ ነው፤ በሌላው ወገን የልጡ ጫፎች ጎፈሬ ሆነው ይንጠለጠላሉ፣ ዝናቡም እነሱን ተከትሎ ይወርዳል። ሰፈር ሲነሣ ምንጣፎቹ ተገልብጠው የግመሉ መደላድል ይሆናሉ። ልጡ የሚገኘው ገሎል ከሚባለው ግራር ነው፤ ሴቶች እስኪለሰልስ ድረስ በጥርሳቸው ያኝኩታል። ግመል ጭኖ የማያውቅ ተማሪ ይህ ጎፈሬ ለጌጥ የተተወ ሊመስለው ይችላል፤ ከርክሞ ቢያሳምረውም አይፈረድበትም።

እንዲህ ያለው አካሄድ ረጅም ነው፣ ጎብኚ ደግሞ ጊዜ የለውም የሚል ሰው ይኖራል። ታይላንድን በምሳሌነት ሊያነሣም ይችላል፤ ቺያንግ ማይ አጠገብ ባለችው ቦ ሳንግ የውጭ ሰው የወረቀት ጃንጥላ ሥራውን አይቶ፣ ሥዕሉን ሞክሮ በዚያው ቀን ይመለሳል። ይህ ለመንደሩ ገቢ ነውና አልነቅፈውም። ጅግጅጋም የሰፊዎቿን ሥራ የምትሸጥበት እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖራት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያ ትውውቅ ነው፤ መማር ብለን ከጠራነው ሰፊዋን እናሳንሳታለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ይህ የሴቶች ዓለም ነው፣ እንግዳ ያውም ወንድ ምን ሊያደርግበት ነው? እውነት ነው፣ ወንዱ ተማሪ እናቶች ተሰብስበው ሔዶ የሚያስሩበት ጓዳ ባይገባ ቅር ሊለው አይገባም። ለእሱ ግመል ጭነቱና በርኪ የሚባለውን የእንጨት መንተራሻ የሚጠርቡት ወንዶች አሉለት። ሴቷም ብትሆን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋታል። ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት ሎረንስ ባለቤቷ የውሃ ማቆሪያ በሚያሠራበት በእንግሊዝ ሶማሊላንድ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ኖራለች። በ1954 ያሳተመችውን የሶማሌ ግጥም ትርጉም ብቻዋን አልሠራችውም፤ ሶማሌው ምሁር ሙሳ ገላልና ፖላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ አንድርዜየቭስኪ ግጥሙን እያብራሩላት ነው የደረሰችበት። ትምህርቷ የቆየው የመምህሮቿ ስም አብሮ ስለቆየ ነው ብዬ አምናለሁ። ግጥም ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ስፌት አይሰፍርም የሚል ቢኖር ልክ ነው። ለዚህም ነው የሰፊዋን ስም መጻፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው፤ የዓለም ሙዚየሞች ያስቀመጧቸው የሶማሌ ዕቃዎች ግን አብዛኞቹ ሠሪያቸው አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ የሲቲ ዞን የኢሳ ጎሳ ሶማሌዎች ከጅቡቲና ከሶማሊያ ወገኖቻቸው ጋር የሚጋሩትን ሔር ኢሳ የተባለ የቃል ሕግ በቅርስነት መዝግቦላቸዋል። የወንዶቹ ሸንጎ ቃል ይህን ያህል ክብር ካገኘ፣ የእናቶቹ እጅ የሚያውቀውን የሚመዘግብ ሰው ሊጠፋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ከማንም ይቀርባል።

ጀሪካን በመጣበት ዘመን ይህ ሁሉ ለምን የሚል ጥያቄም አለ። በጅግጅጋ ገበያ የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን ነው የሚመጣው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሻጮቹን መውቀስ አይገባም። ይሁንና የሆነውን ልብ እንበል። ፕላስቲክ ፈሳሽ በመያዝ ሃንን ተክቷል፤ ፍም ግን አይገባበትም። ሔዶን ደግሞ ጨርሶ ሊተካው አልቻለም፤ በሙሽራው ወገን ፊት ቀርቦ የሚፈታ ሌላ ዕቃ የለምና ከተሜውም ያሠራዋል። የእጅ ሥራው የቆየው አገልግሎቱ በቆየበት ነው፤ ተማሪውም ከዚያ ይጀምር የምለው ስለዚህ ነው። የሚያሠጋኝ ከጀሪካኑ ይልቅ የገሎል ለከሰል መቆረጥ ነው፤ ዛፉ ከሌለ ልጥ የለም።

ለመማር የቆረጠ ሰው በጅላል፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ባይመጣ ይሻላል። ያኔ ከብቱም ሰውም ውሃ ፍለጋ ላይ ስለሆነ እናቶች ለእንግዳ የሚሰጡት ጊዜ የላቸውም። ጉ በሚባለው ዝናብ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ወይም የፋፈንና የሲቲ ዞኖች ካረን የሚባለውን የክረምት ዝናብ ሲያገኙ ይምጣ፤ ወተት ይበዛል፣ ዕቃ በየቀኑ ይታጠናል፣ ሠርግም በጥጋብ ወቅት ነው የሚደገሰው።