ድድ ሲደማ ብሩሽ አይሰቀልም

ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ እስኪሻለኝ ልተወው?» አጭሩ መልስ፣ አትተዉት ነው። ረጅሙን ለሚፈልግ ይኸው።

ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው ስስ፣ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይሠራሉ። ጠዋት ስትነሱ ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ብትዳስሱት ይታወቃችኋል። ሽፋኑ ሳይነሳ ሲቆይ ሰውነት መከላከል ይጀምራል፤ ወደ ስፍራው የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በትንሽ ንክኪም ይደማል። ደሙን ያመጣው እንግዲህ ሳይነሳ የቆየው ቆሻሻ ነው፤ ብሩሹ ያጋለጠው ብቻ ነው። ብሩሹን ስትሰቅሉት ሽፋኑ ይወፍራል፣ ደሙም ይብሳል።

ይህን አጥርቶ ያሳየው ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ጥናቱ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ውስጥ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። እንደገና ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ ድዳቸው በሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። ስለዚህ ስትቦርሹ የምታዩት ደም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢቀጥል አትደንግጡ፤ በደንብ ካጸዳችሁ እየቀነሰ ይሄዳል።

«አያቴ ብሩሽ ሳይነኩ በሙሉ ጥርሳቸው አረጁ» የሚል አይጠፋም። ውሸት አይደለም። ያው ሎ ከባልደረቦቹ ጋር በስሪላንካ የሻይ እርሻ 480 ወንድ ሠራተኞችን ከ1970 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ተከታትሏል፤ ሰዎቹ ጥርስ የማጽዳት ልማድ አልነበራቸውም። 11 በመቶ ያህሉ ከድድ መቆጣት አላለፉም። 81 በመቶ የሚሆኑት ጥርሱን የያዘው ሥጋና አጥንት ቀስ እያለ ተበላባቸው። 8 በመቶው ላይ ደግሞ በጣም ፈጠነ። አያታችሁ እንደ 11 በመቶዎቹ ነበሩ ማለት ነው። እናንተ ከየትኛው እንደሆናችሁ ግን አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

ክፋቱ፣ የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም። የነቀዘ ጥርስ ሌሊት ያስለቅሳል፣ ጠዋት ሐኪም ቤት ያስሮጣል። ድድ ግን ዓመታት ሙሉ ዝም ብሎ ይሸሻል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ለጥርስ ሲሆን ብዙው ሰው አሁንም ታክሲ ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ የሰበታው በአየር ጤና፣ የቡራዩው በአስኮ፣ የሱሉልታው እንጦጦን ተሻግሮ። የቀን ሥራ ተትቶ፣ ተሰልፎ ለማያም ነገር ማን ይሄዳል? የሚሄደው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ወሬ የሚመጣው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጎረቤቴ ጥርሷን ካሳጠበች ወዲህ ተነቃነቀባት፤ እኔ አላስነካም» አሉኝ። ያዩት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ያ ስስ ሽፋን ሳይነሳ ሲቀር ከምራቅ የሚገኘው ማዕድን ያደነድነውና ድንጋይ ይሆናል። ብዙ የሚከማቸው የምራቅ ቱቦ በሚከፈትበት አካባቢ ነው፤ ማለትም ከታች ፊት ጥርሶች በስተጀርባና ከላይ መንጋጋ ጥርሶች በጉንጭ በኩል። ድንጋዩ ከድድ ሥር እየገባ አጥንቱ ሲሸሽ ጥርሶቹን እርስ በርስ አጣብቆ ይይዛቸዋል፣ እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ በምርጊት። ሲታጠብ ምርጊቱ ይወርዳል፣ ስንጥቁ ይታያል። ያበጠው ድድም ስለሚሟሽሽ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት የተፈጠረ ይመስላል። ጥርሱን ያነቃነቀው እጥበቱ አይደለም፤ እጥበቱ ሳይደረግ ያለፉት ዓመታት ናቸው። ድንጋዩን ደግሞ በብሩሽም በከሰልም አታነሱትም፤ በመሣሪያ ብቻ ነው የሚነሳው።

መፋቂያስ? ወይራና ክትክታ ስትፍቁ ያደጋችሁ አትፈሩ። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መፋቂያው ቆሻሻ በማንሳት ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው፤ ታክሲ ሲጠብቅ የሚፍቅ ሰው የሚፍቀው የሚታየውን የፊት ጥርስ ነው። የውስጡና የኋላው ይቀራል፣ ጫፉ በደንብ ሳይለሰልስ ሲፋቅበትም ድድ ይልጣል። በብሩሽም ያው ነው። ለስላሳውን ምረጡ፣ ወደ ድዱ መስመር ዘንበል አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ፣ በጠዋትና በማታ። ጾመኛ ጠዋት ቅዳሴ እስኪወጣ ብሩሽ ለመያዝ ቢያመነታ ይገባኛል፤ ለማታው ግን ሰበብ የለም። ከጥሬ ሥጋ በኋላ ስቴኪኒ የተሰነቀረውን ያወጣል እንጂ በጥርሶች መካከል ያለውን ሽፋን አያነሳም። ለእሱ የጥርስ ክር ነው።

እናቶቻችን ድዳቸውን የሚነቀሱት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ለድድ በሽታ መድኃኒት ተብሎም ነበር። ንቅሳት ያለው ድድ ጠቁሮ መቅላቱን ይደብቃል እንጂ ሽፋኑን አያጠፋም። መርፌው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቤት ውስጥ ከሚሞከሩት የጨው ውሃ አፍን ያስታግሳል፣ ጉዳት የለውም። ሎሚ ግን የጥርሱን የራሱን የላይ ቅርፊት ይበላል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም የተጣበቀውን ሽፋን አያነሳም፤ ገንዘብ ያባክናል፣ መድኃኒቱን የሚለምድ ተህዋስ ያፈራል።

ሲጋራ የምታጨሱ፣ ድዳችሁ አለመድማቱ አያኩራችሁ። ሲጋራ ደም ሥርን ስለሚያጠብብ ድዱ ሳይደማ በሽታው ሥራውን ይሠራል። ነፍሰ ጡሮች በሆርሞን ለውጥ የተነሳ በትንሽ ቆሻሻ ብዙ ይደማሉ፤ እነሱም ያጽዱ እንጂ አይተዉ። እንደ ኒፈዲፒን ያለ የግፊት መድኃኒት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን ድድን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ራሳችሁ አታቋርጡት፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ነገሩ በሁለት ወገን ነው፤ ስኳሩ የድዱን በሽታ ያባብሳል፣ የተመረዘ ድድም ስኳሩ እንዳይስተካከል ያደርጋል።

ስለዚህ፣ ሁለት ሳምንት በደንብ አጽድታችሁ ድዳችሁ መድማቱን ካላቆመ፣ መግል ካለው፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም ክፍተት ከተፈጠረ ቀጠሮ ያዙ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈና ስኳር ተለክታችሁ የማታውቁ ከሆነ አብራችሁ ተለኩ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ «መሣሪያው በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) መክኗል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የሚቆጣችሁ ክሊኒክ ከሆነ ተነሱና ሌላ ፈልጉ።