የቮልስ ጎሚኒና የጎጃም ክረምት

ሰኔ ገብቶ የምዕራብ ጎጃም ሰማይ ሲጠቁር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ ቢዳስስ ጥሩ ነው። ጣሪያው ሳይቀደድ፣ በሩም ሳይከፈት ምንጣፉ ከረጠበ፣ ውሃው ብዙ ጊዜ የሚገባው በፊት መስታወቱ ዙሪያ ባለችው ጥቁር ጎማ በኩል ነው። ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒ ይሏታል።

ቃሉ እንደ ካቻቢቴ፣ እንደ ኮፋኖና እንደ ፍሪሲዮን ከጣልያንኛ የመጣ ነው። የዛሬ አውቶሞቢሎች የፊት መስታወት ከላሜራው ጋር በሙጫ ይጣበቃል። በድሮዎቹ ላይ ግን ሙጫ የለም። ጎሚኒው በአንድ ጎኑ ባለው ቦይ መስታወቱን፣ በሌላው ጎኑ የላሜራውን ከንፈር ነክሶ ይይዛል፤ ሌላ ማሰሪያ የለውም። በየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ ወላድና ሕመምተኛ የሚያመላልሰው ባለ 70 ሲሪስ ላንድክሩዘርም መስታወቱ የሚታሰረው በዚሁ ዘዴ ነው። ሙያውን ጠንቅቆ ለማወቅ የሚመቸው ግን ቮልስ ነው።

ቮልስዋገን ይህችን መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ሠርቷል፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው የፖርሽ የመጀመሪያ የስፖርት መኪና፣ 356፣ የተነሣው ከቮልስ ዕቃዎች ነው። የድሮው ፖርሽ 911 የፊት መስታወትም በጎማና በገመድ ነው የሚገባው። ቮልስ ላይ የለመደ እጅ ውዱን የስፖርት መኪናም አይፈራም።

ጎማውን የሚገድለው ዝናብ አይደለም። ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፤ ደጋ ላይ ፀሐይዋ ስለምትበረታ ቶሎ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ ከማዕዘኖቹ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ያኔ ብዙ ሰው በስንጥቁ ላይ ሲሊኮን ይቀባል። ይህ ስህተት ነው። ሲሊኮኑ ከላይ ሲዘጋ ከሥር የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ የላሜራውን ከንፈር ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ የቀለም እብጠት በታየ ጊዜ ዝገቱ ብዙ ርቀት ሄዷል። ቮልስ ላይ ደግሞ ውሃው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ፣ ከዚያም ወደ ወለሉ ይወርዳል። ለጥቂት ጎማ የተሰሰተው ገንዘብ ለባቲላሜራ ይከፈላል።

መግዛቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላለ ወዳጅ ደውሎ «የቮልስ ጎሚኒ ላክልኝ» ማለት አይበቃም። የቮልስ መስታወት እ.ኤ.አ. በ1965 ሞዴል ላይ ሰፋ ብሏል፤ 1303 የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ጎበጥ ያለ መስታወት አለው። የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። የሚያብረቀርቀው የአልሙኒየም ጌጥ ያለው መኪና ደግሞ ለጌጡ ተጨማሪ ቦይ ያለው ጎሚኒ ይፈልጋል፤ ቦይ የሌለው ከተገዛ ጌጡ የሚሄደው ወደ ቆሻሻ ነው።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ይወልቃሉ፤ አሮጌው ጎማ ከውጭ በምላጭ ይቆረጣል፤ መስታወቱ ከውስጥ በመዳፍ ተገፍቶ ይወጣል። በካቻቢቴ መፈልቀቅ የመስታወቱን ጠርዝ ይነካል፤ መስታወት የሚደክመው ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው። ከዚያ የላሜራው ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ተፈግፍጎ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ይህን ደረጃ የሚዘል ሠራተኛ ሥራውን አልሠራም።

መስታወቱ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ጎሚኒ ይለብሳል። ጌጡም እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ መኪናው ላይ ከመሰቀሉ በፊት ይገባል፤ በኋላ አስገባዋለሁ ያለ ሰው አልሙኒየሙን ያጥፈዋል፤ እጥፋቱም አይለቅም። ቀጥሎ ከንፈሩን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎች ታች መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ላርጎ የተበጠበጠበት ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ወደ መስታወቱ መሐል ይስባል። ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማው ምላስ እየተገለበጠ ላሜራውን ይሻገራል። ላይኛው ማዕዘን ላይ ሲባጎው ይከብዳል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ተጨማሪ የሳሙና ውሃና የውጩ ሰው መዳፍ ነው። መዶሻ ከአካባቢው ይራቅ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ክረምት ይጠብቃቸዋል። ጎሚኒ የሚቀይር ባለመኪና ሥራውን በግንቦት ይጨርስ፤ ጎማው በፀሐይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይደርቃል። ሲያልቅ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ በመስታወቱ ዙሪያ ከውጭ ውሃ ከታች ወደ ላይ ያፍስስ። ጋዜጣው ከረጠበ መኪናውን ሳይረከብ እዚያው ያስደግመው።