ወፌ ቆመች ለሚባል ሕፃን የሚሆን ምግብ

በደጋው አገር የአጨዳ ወራት ሲደርስ እናት ማለዳ ወደ እርሻ ትወርዳለች፤ ሕፃኑም ከታላቅ እኅቱ ጋር ቀጭን አጥሚት እየጠጣ ይውላል። እንዲህ ያለው አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን ሆዱ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ከእናቱ ጡት ሌላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ወፈር ያለ ምግብ፣ በመካከሉም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ ያሻዋል።

መፍትሔው ከጎተራው አይርቅም። 3 እጅ የገብስ ወይም የማሽላ ዱቄት ከ1 እጅ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ወፍራም ገንፎ ይሠራ። ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ሲል 1 ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ቢማሰልበት፣ ውሃ ሳይጨመር በጥቂት ደቂቃ ይላላል፤ ሕፃኑም ያለ ችግር ይውጠዋል። ብቅል ለጠላ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ይህን አይቶ ይደነቃል። ከዚያ በኋላ ገንፎው እንደ ገና መንተክተክ አለበት፤ ጥሬ ብቅል ለሕፃን አይሰጥምና።

ለመክሰስ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ የተቀቀለ እንቁላልም ደግ ነው። ቆሎ ግን ያንቃል። ከሁሉ የሚቀልለው በሶ ነው፤ አስቀድሞ በፈላ ወተት ይበጠበጣል፣ ወይም በቅቤ ታሽቶ ለስላሳ ጭብጦ ይሆናል። ታላቅ እኅቱ ይህን ከተማረች፣ እናቲቱ እስክትመለስ የማለዳውን ገንፎ ማቆየት አያስፈልግም፤ በሙቀት የዋለ ገንፎ ሆድ ያስቀምጣልና።