ቆርቆሮውን ወይስ ቅጠሉን? ስለ ቻይና ሻይ ግዢ

ባለፈው ዓመት አንድ መምህራችን በጡረታ ሲሰናበቱን፣ እኛ ተማሪዎቻቸው ከየኪሳችን አዋጥተን ስጦታ ልንሰጣቸው ተስማማን። መምህራችን በወጣትነታቸው ቻይና አገር የተማሩ ናቸውና ከመልካም የቻይና ሻይ የሚሻል ስጦታ አይገኝም ብለን መርካቶ ወረድን። ዘንዶ የተሣለበት፣ ወርቅ የሚመስል ቆርቆሮ አየንና ጥቂት ተከራክረን ገዛን። ከመካከላችን የሳምንት የኪስ ገንዘቡን ያዋጣ ነበር። መምህራችን ቆርቆሮውን ከፈቱ፤ አሸተቱ፤ ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ተመለከቱ፤ ከዚያም ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ቆርቆሮው እጅግ ያማረ ነው፤ እርሳሴን አስቀምጥበታለሁ» አሉን። ሳቅን፤ ግን አፈርን።

ይህን የምንተርከው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከባልንጀሮቻችን መካከል ለትምህርት ወደ ቻይና የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። የመርካቶ ነጋዴም ዕቃ ለማምጣት ከቦሌ ተነሥቶ ጓንግዡ ይመላለሳል። የሄደው ሲመለስ ሻይ ይዞ ይመጣል፤ የቀረው ደግሞ «እባክህ ሻይ አምጣልኝ» ብሎ ይልካል። ነገር ግን የመጣው ቅጠል መልካም ይሁን መናኛ ለይቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቀንና ቀምሰን የተረዳነውን ለአንባብያን እናካፍላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ጥቁር ሻይ፣ ነጭ ሻይ፣ ኡሎንግ የሚባሉት ሁሉ የአንድ ተክል ቅጠሎች መሆናቸው ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉን ካሜሊያ ሲነንሲስ ይሉታል። ልዩነቱ የሚመጣው ከለቀማ በኋላ ከሚደረግለት ሥራ ነው። ቅጠሉ እንደ ተለቀመ፣ ብዙ ሳይቆይ፣ በጋለ ምጣድ ላይ ቢታመስ አረንጓዴነቱን እንደ ያዘ ይደርቃል። ጠውልጎ፣ ታሽቶ፣ አየር አግኝቶ እስኪጠቁር ከቆየ በኋላ ቢደርቅ ጥቁር ሻይ ይሆናል። ይህንኑ ቻይናዎች «ቀይ ሻይ» ይሉታል፤ እኛ የደረቀውን ቅጠል አይተን፣ እነርሱ በሲኒ የተቀዳውን አይተው ስም አወጣን። መጥቆሩ በመካከል የተገታው ኡሎንግ ነው። ነጭ ሻይ ደግሞ ብዙ ሳይነካ ጠውልጎ የደረቀ ነው። ከዩናን ክፍለ ሀገር የሚመጣው ፑኤር ብዙውን ጊዜ 357 ግራም በሚመዝን ክብ ጥፍጥፍ ይሸጣል፤ ሲቆይም ይሻሻላል ተብሎ ዋጋው ይጨምራል። እንግዲህ «የቆየ ነው» የሚለው ቃል ለፑኤር ምስጋና፣ ለአረንጓዴ ሻይ ግን ነውር መሆኑን ልብ ይሏል።

እኛ በየዕለቱ የምንጠጣው ጥቁር ሻይ ነው። በኢሉባቦር ከጎሬ አጠገብ የጉመሮ፣ በከፋም ከቦንጋ አጠገብ የውሽውሽ የሻይ እርሻ አለን። የዕለት ሻያችን አብዛኛው በመኪና ተቆራርጦ እንደ ፍርፋሪ የተጠቀለለ ነው፤ ፈጥኖ ቀለም ይሰጣል፤ ለስኳር፣ ለቀረፋና ለቅርንፉድም ይስማማል። ይህ የአሠራር ዓይነት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው የሙሉ ቅጠል ዋጋ ተከፍሎ ከወንፊት በታች የቀረው ድቃቂ ሲሸጥ ነው። በእኛ ባለዘንዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተገኘውም ይኸው ነበር።

ታዲያ እንዴት ተታለልን? መልሱን ያገኘነው እዚያው መርካቶ ነው። ገበያው ቀድሞ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየተራው ስንት ትውልድ ዕቃ መምረጥ ተማረበት! አንዲት እናት ቅመም ተራ ስትገባ ብንከተላት፣ ኮረሪማውን ሰብራ ታሸታለች፤ በርበሬውን በጣቷ አሽታ ቀለሙን ታያለች፤ ቡናውን በመዳፏ ዘርግታ የተሰበረውንና የጠቆረውን ትለያለች። በጆንያው ላይ በተሣለው ሥዕል በርበሬ የምትገዛ እናት አላየንም። እኛ ግን ዕቃው የባዕድ አገር ሲሆን ጊዜ የእናቶቻችንን ትምህርት ረስተን ዐይናችንን ብቻ አመንን። ቆርቆሮ ለሚፈልግማ ምናለሽ ተራ አለለት፤ ዋጋውም ይረክሳል።

እንግዲህ የእናቶቻችንን ብልሃት ወደ ሻይ ብናዞረው እንደሚከተለው ይሆናል።

አንደኛ፣ እጅ ይመርምር። መልካም የቻይና ቅጠል ሙሉ ነው፤ መልኩም እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ከተቻለ አንድ ቡቃያና ሁለት ለጋ ቅጠል አብረው ይታያሉ። በጣት ሲጫኑት ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከተለመጠ እርጥበት ገብቶታል። በመያዣው ግርጌ ብናኝ ከበዛ ሻጩን ሌላ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አፍንጫ ይፍረድ። ሻይ የአካባቢውን ሽታ እንደ ጥጥ የሚመጥጥ ቅጠል ነው። የጃስሚን ሻይ የሚሠራውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ቅጠሉን ከአበባው ጋር ሌሊቱን አብረው ያሳድሩትና መዓዛውን ከጠጣ በኋላ አበባውን ያወጡታል። ስለዚህ በጃስሚን ሻይ ውስጥ አበባ መብዛቱ የጥራት ምስክር አይደለም። በዚሁ ምክንያት ከበርበሬ ወይም ከሳሙና አጠገብ ክፍቱን የዋለ ሻይ፣ ከየትም አገር ቢመጣ፣ በርበሬና ሳሙና ይሸታል። የታሸገውን መምረጥ የሚገባን ለማማሩ ሳይሆን ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ ይመስክር። ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣል ያድርጉት። ቀለሙ ወዲያው ተንዠቅዥቆ ከወጣ ማቅለሚያ ተጨምሮበት ይሆናልና ይጠርጠሩ። በሙቅ ውሃ ካፈሉት በኋላም አተላውን አይድፉት፤ በሰሃን ላይ ዘርግተው ይዩት። ደርቆ የተጠቀለለው ሁሉ ያን ጊዜ ተከፍቶ ቅጠል ይሁን ቁርጥራጭ፣ ለጋ ይሁን ግንድ፣ ራሱ ይናገራል።

አራተኛ፣ ቀኑ ይነበብ። በቻይና ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው የተሠራበት ቀን ነው፤ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል፣ ቀኑ መጨረሻ ነው። የሚቆይበት ዘመን ለብቻው በወር ተቆጥሮ ይጻፋል። የተሠራበትን ቀን የሚበላሽበት ቀን መስሎት መልካሙን ሻይ የሚጥል፣ ወይም በተቃራኒው ያለፈበትን የሚገዛ ሰው አለ።

አሁን ደግሞ እዚያው ቻይና ለሚደርሱት ባልንጀሮቻችን ጥቂት እንጨምር። በጓንግዡ ፋንግጹን፣ በቤይጂንግም ማሊያንዳዎ የሚባሉ የሻይ ሰፈሮች አሉ። ልክ እንደ መርካቶ ተራ፣ ሱቁ ሁሉ ሻይ ነው። ባለሱቁ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፤ ቅጠሉን በፊት ለፊት አፍልቶ በትናንሽ ሲኒ ያቀምሳል። ሳይቀምሱ መግዛት እንደ ነውር የሚቆጠርበት ገበያ ነውና ማፈር አያስፈልግም። ነገር ግን ዋጋ ሲጠራ አንድ ነገር ይታወስ፦ ሚዛናቸው ብዙውን ጊዜ ጂን ነው፤ አንድ ጂን 500 ግራም ነው። ዋጋውን የኪሎ ነው ብሎ የተስማማ ሰው ግማሹን ብቻ ተሸክሞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀንም 50 ግራም ገዝቶ፣ ማደሪያው ሄዶ፣ በራሱ ውሃ አፍልቶ መቅመስ ይበጃል፤ ከወደደው ነገ ይመለሳል።

ስመ ጥር ሻይ ለሚሹም ምሳሌ እንስጥ። የሐንግዡ ከተማ ሎንግጂንግ በምጣድ ላይ በእጅ እየተጫኑ የሚያደርቁት ጠፍጣፋ ቅጠል ነው። ከቺንግሚንግ በዓል፣ ማለት ከሚያዝያ 5 ቀን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ገደማ፣ አስቀድሞ የተለቀመው ጥቂት ስለ ሆነ እጅግ ይወደዳል። ይህንኑ ስም ጠርቶ በርካሽ የሚሸጥልን ቢመጣ፣ ርካሽ የሆነው ስሙ ነው እንጂ ሻዩ አይደለም። እንዲሁም በቤይጂንግና በሻንጋይ ጎብኚ በሚበዛበት ጎዳና፣ «እንግሊዝኛ ልለማመድ፤ ሻይ ቤት እንሂድ» የሚል የማያውቁት ወዳጅ ቢያጋጥም፣ ኋላ የሚቀርበው ሒሳብ የወር መተዳደሪያ የሚጨርስ ሊሆን ይችላል። ይህ በብዙ መንገደኛ ላይ የደረሰ የታወቀ ማታለል ነው።

በመጨረሻም፣ መልካም ሻይ ገዝቶ አገር ቤት የገባ ሰው «እዚያ የጠጣሁት ጣዕም የት ሄደ?» ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሐንግዡ ግን በ100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ጥቁር ሻይ እዚህ ጠንከር ብሎ እንዲወጣ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ አብረን የምናፈላውም ያለ ምክንያት አይደለም። አረንጓዴው ግን በፈላ ውሃ ይመራል። ውሃውን ከእሳት አውርደው ወደ 80 ዲግሪ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ከዚያም ያፍሱበት፤ ቅመምና ስኳርም አይጨምሩበት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህራችንን ልንጠይቅ ስንሄድ ባዶ እጃችንን አልሄድንም። ዳግመኛ መርካቶ ወርደን፣ ቀኑን አንብበን፣ አሽትተን፣ የውሽውሽ ሻይ በተራ የወረቀት ፓኬት ገዝተን ነበር። ዋጋው የቆርቆሮውን ሩብ አይሞላም። መምህራችን ራሳቸው አፍልተው ቀዱልንና ቀምሰው፣ «አሁን ሻይ ገዛችሁ» አሉ። ባለዘንዶው ቆርቆሮ በጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ እንዳሉትም እርሳስ ሞልቶበታል።

ስለዚህ፣ ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ጓንግዡ ብንደርስም መርካቶ ብንቀር፣ ገንዘባችን ከኪሳችን ከመውጣቱ በፊት መያዣው ይከፈትልን ብለን እንጠይቅ። የማይከፍት ሻጭ ካጋጠመን ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።