የቤታችን አምፖል፦ አመራረጡ፣ አጠቃቀሙና አወጋገዱ

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ርዕስ ለብዙዎቻችን ትንሽ መስሎ ሊታየን ይችላል። ርዕሳችን አምፖል ነው። በየምሽቱ የምናበራው፣ ሲቃጠል ደግሞ ነቅለን ከቆሻሻ ጋር የምንጥለው አምፖል። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ዕቃ በየወሩ ከኪሳችን የሚወጣውን ገንዘብ፣ የልጆቻችንን ጤና፣ እንዲሁም ቆሻሻችንን የሚያነሱልንን ሰዎች ደህንነት የሚነካ ነው። በመሆኑም ሦስት ጥያቄዎችን እናንሳ። የትኛውን እንግዛ? እንዴት እንጠቀምበት? ሲቃጠል ወይም ሲሰበርስ ምን እናድርገው?

የትኛውን እንግዛ?

በገበያችን የምናውቃቸው የቤት አምፖሎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ውስጡ ቀጭን ሽቦ ያለው የቀድሞው አምፖል ነው። ብርሃን የሚሰጠው ሽቦው በኤሌክትሪክ ግሎ ሲቀላ ነው። ከሚወስደው ኃይል ውስጥ ከመቶ 90 እጁ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ብርሃን የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው። ዕድሜውም ወደ 1,000 ሰዓት ገደማ ነው።

ሁለተኛው በተለምዶ «ኃይል ቆጣቢ» የምንለው፣ ጠምዛዛ ወይም ጣት መሳይ የመስታወት ቱቦ ያለው አምፖል ነው። የረጅሙ ፍሎረሰንት ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ከቀድሞው አምፖል ሩብ ያህል ኃይል ብቻ ወስዶ ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጣል። ይሁን እንጂ በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለ፤ ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ኤልኢዲ ነው። ይህ አምፖል ሜርኩሪ የለበትም፣ ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት አይጎዳውም፣ ጥራት ያለው ከሆነም 15,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ብዙዎቻችን አምፖል ስንገዛ «ስንት ዋት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ዋት የሚነግረን አምፖሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። የብርሃኑ መጠን በካርቶኑ ላይ «ሉመን» ተብሎ ይጻፋል። 800 ሉመን ያህል ብርሃን ለማግኘት የቀድሞው አምፖል 60 ዋት፣ ኃይል ቆጣቢው ከ13 እስከ 15 ዋት፣ ኤልኢዲው ደግሞ 9 ዋት ገደማ ይበቃቸዋል።

ሒሳቡን በቤታችን እንየው

አንድ ቤተሰብ አራት ባለ 60 ዋት አምፖሎችን በቀን ለ5 ሰዓት ያበራል እንበል። በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። አራቱ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢሆኑ ኖሮ የወሩ ፍጆታ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ 30.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። እንግዲህ አምፖሎችን መቀየር የሚቆጥብልን የመብራቱን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ወደ ውዱ እርከን እንዳንገባም ያግዘናል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ የመስጊድና የመድረሳ ኮሚቴዎችንም ይመለከታል። ከዒሻእ እስከ ሱብሒ ሲበሩ የሚያድሩ መብራቶች የሚከፈልላቸው ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ አማና ነው። ማንም በሌለበት አዳራሽ የሚበራ መብራትም ኢስራፍ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

ስንተኛ መብራት ስለማጥፋት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነገር በሰሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ምክንያቱም አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ እንዳታቃጥል ነበር። ዛሬ ኩራዙ በኤሌክትሪክ ቢተካም ስጋቱ ጨርሶ አልጠፋም። ባለ ሽቦው አምፖል እጅግ ስለሚግል ከመጋረጃ፣ ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ ጋር ከተነካካ ሊያቃጥል ይችላል።

የተቃጠለው አምፖል የት ይሄዳል?

ከ2002 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አሮጌ አምፖል እየተቀበለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች አድሏል። ይህም በምሽት በሚበዛው የኃይል ፍላጎት ላይ የነበረውን ጫና አቅልሏል። እነዚያ አምፖሎች ግን ዕድሜያቸው አልቋል። የት ገቡ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል ነው፤ አብዛኞቹ ከድንች ልጣጭና ከአመድ ጋር ተደባልቀው ተጥለዋል።

በአንድ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከ5 ሚሊግራም ያነሰ ነው። የድሮው የመስታወት ቴርሞሜትር የዚህን መቶ እጥፍ ያህል ይይዝ ነበር። ስለዚህ አንድ አምፖል ተሰበረ ብለን መደናገጥ አይገባንም። ነገር ግን ሜርኩሪ የነርቭ መርዝ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ጽንስንና ሕፃናትን ነው። ከሺህ ቤቶች ወጥቶ በአንድ ቦታ ሲከማች ደግሞ ትንሹ ብዙ ይሆናል። በባዶ እጃቸው ቆሻሻ የሚለዩትን፣ በየሰፈሩ የሚዞሩትን ቁራሌዎች፣ ከቆሻሻ መጣያ ዕቃ ለቅመው የሚያድሩትን ወገኖቻችንን እናስብ። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ሶደቃ ከሆነ፣ ጎጂውን ነገር ሰው እጅ ሥር መጣል ምን ሊባል ነው?

ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ሜርኩሪ በዓሣው በኩል ወደ ሰዎች ገብቶ ብዙዎችን ገድሏል፣ ሽባ አድርጓል። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1956 ነበር። በከተማዋ ስም የተሰየመው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ በ2013 ጸድቋል። በስምምነቱ መሠረት በቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸውን ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ማምረት፣ ማስገባትና መላክ እ.ኤ.አ በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ፣ ረጃጅሞቹ ፍሎረሰንቶችም እስከ 2027 መጨረሻ እንዲከተሉ ተወስኗል። ይህ ማለት ግን ቤታችን ያለውን ደህና አምፖል ዛሬውኑ እንጣል ማለት አይደለም፤ እስኪቃጠል ተጠቅመን በኤልኢዲ እንተካው።

በአገራችንም ሕጉ ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻን የመለየቱን ኃላፊነት ለቤተሰብ ኃላፊ ሰጥቶ ነበር። በ2006 ዓ.ም የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ የኢነርጂ ቁጠባን ራሱን የቻለ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ አድርጎታል። ሕግ ወጥቶ ቤተሰብ ካልተገበረው ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖልና ፍሎረሰንት ሳይሰበር በካርቶኑ ወይም በጋዜጣ ጠቅልለን፣ ልጆች በማይደርሱበት ሥፍራ እናስቀምጥ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚቀበል ቦታ ካገኘን እዚያ እናድርስ። ካላገኘንም ለብቻው ቋጥረን፣ ምን እንደሆነ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ነግረን እንስጥ። በግቢ ውስጥ ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል ግን ሜርኩሪውን ወደምንተነፍሰው አየር መልቀቅ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ከተሰበረብን ደግሞ የሚከተለውን እናድርግ፦

1. ልጆችን ከክፍሉ እናውጣ፤ መስኮት ከፍተን እኛም ለ10 ደቂቃ ያህል እንውጣ።
2. በመጥረጊያ አንጥረግ፤ ዱቄቱን ይበትነዋልና። ስብርባሪውን በጠንካራ ወረቀት ወይም በካርቶን እንፈስ።
3. የቀረውን ደቃቅ በፕላስተር እያጣበቅን እናንሳ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንወልውል።
4. ሁሉንም፣ ጨርቁን ጭምር፣ ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም በታሰረ ፌስታል አድርገን ከቤት እናውጣ፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ።

ባለ ሽቦው አምፖልና ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለባቸውም። ሆኖም ስባሪያቸው እጅ እንዳይቆርጥ ጠቅልሎ መጣል ይገባል። አምፖል ስንቀይርም ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ በደረቅ እጅ ይሁን።

ውድ አንባቢዎቻችን! ጉዳዩ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ወር ብዙ ሰዓት የሚበራውን አንድ አምፖል እንቀይር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሳሎኑ ወይም የማድ ቤቱ ነው። በሚቀጥለው ወር ሌላውን። ልጆቻችንንም ከክፍል ሲወጡ መብራት ማጥፋትን እናስለምዳቸው። አሏህ (ሱ.ወ) በሰጠን ጸጋ በአግባቡ ከሚጠቀሙት ያድርገን።