ሚሊዮን ያወጣች አንድ ሳንቲም

ስህተት ዋጋ ያወጣል ብንል ማን ያምነናል? እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ መዳቡን ለጦርነቱ ስለፈለገችው ባለአንድ ሳንቲሙን ዚንክ ከተቀባ ብረት አሳተመች። ከቀድሞው ዓመት የተረፉ ጥቂት የመዳብ ክቦች ግን፣ እንደሚታመነው፣ ሳይታዩ አብረው ታተሙ። ከነዚህ አንዷ፣ የዴንቨሯ፣ በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

አጭበርባሪውም አልተኛም! የብረቱን ሳንቲም መዳብ ይቀባዋል፤ አለዚያም የ1948ቱን «8» ፍቆ «3» ያስመስላል። የፊተኛውን ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ብረት ይሳባል፣ መዳብ አይሳብም። የኋለኛው ግን ከመዳብ የተሠራ ስለሆነ ማግኔቱን ያልፋል። ስለዚህ የቁጥሩን ቅርጽ በማጉያ መነጽር ማየት፣ ከመግዛት በፊትም ለአዋቂ ማስመርመር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የቆየ ሳንቲም ያላችሁም አትወልውሉት፤ የተወለወለ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወድቃል።